በልክ የሚሰፋ ኮት፦ ዝርዝሮቹን በየትኛው ቅደም ተከተል መወሰን ይገባል?

በልኩ ኮት ለማሰፋት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚሄደው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም የጨርቁ ቀለም ነው። ልብስ ሰፊው ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የኪሱን ዓይነት፣ የላፔሉን ስፋት፣ የቁልፉን ቁጥር፣ የኋላውን ስንጥቅና የገበሩን መጠን አከታትሎ ሲጠይቀው፣ ያላሰበበትን ሁሉ በችኮላ እየመለሰ ለዓመታት የሚለብሰውን ልብስ በጥቂት ደቂቃ ወስኖ ይወጣል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ችኮላ እንዲቀር ነው። ዝርዝሮቹን የደረደርኩትም በኋላ ለመለወጥ በሚያስቸግሩበት መጠን ነው። የቁልፍ ዓይነት በማንኛውም ቀን ሊቀየር ይችላል፤ የትከሻው ቅድና የቁልፉ ቦታ ግን መቀስ ጨርቁን ከነካ በኋላ የሚመለሱበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

በስሞቹ አስቀድመን እንግባባ። «ሙሉ ልብስ» የምለው ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡበትን ነው፤ «ስፖርት ጃኬት» የምለው ደግሞ ከሌላ ጨርቅ ከተሠራ ሱሪ ጋር እንዲለበስ ለብቻው የሚሰፋውን ኮት ነው። «ላፔል» ከኮሌታው ተነሥቶ ደረት ላይ ወደ ውጭ እየታጠፈ እስከ ቁልፉ የሚወርደው ክፍል ነው።

ደረጃ 1፦ የሚለበስበት ቦታና ጨርቁ

ለሰፊው በቅድሚያ የሚነግሩት ኮቱን የትና ምን ያህል ጊዜ እንደሚለብሱት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለቢሮ የሚለበስ ሙሉ ልብስ ልሙጥ ጨርቅ፣ ክዳን ያለው ቀጥ ያለ ኪስና ከጨርቁ ቀለም ብዙ የማይርቅ ቁልፍ ይፈልጋል። ለእረፍት ቀን የሚሆን ስፖርት ጃኬት ሸካራ ጨርቅ፣ ከላይ የተለጠፈ ኪስ፣ ለስላሳ ትከሻና ጎላ ያለ ቁልፍ በደንብ ይሸከማል። ስሕተት የሚበዛው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ ከጥቁር ሰማያዊ አንጸባራቂ ጨርቅ የተሰፋ ስፖርት ጃኬት፣ ኪሱ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ ሱሪው የጠፋ ሙሉ ልብስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ለስፖርት ጃኬት የሚመርጡት ጨርቅ ከሩቅ ሲታይ አሸዋማ፣ ጸጉራም ወይም ባለ ካሬ ቢሆን ይመረጣል።

የጨርቅ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሜትር ርዝመት በግራም ይገለጻል። ከ240 እስከ 280 ግራም ያለው ለሙቀት፣ ከ300 እስከ 350 ግራም ያለው ለአብዛኛው የዓመቱ ክፍል፣ ከ400 ግራም በላይ ያለው ደግሞ ለብርድ ይሆናል። ቀላል ጨርቅ ሲዳሰስ ደስ ስለሚል ገዢው ወደ እርሱ ያደላል፤ ይሁንና ከበድ ያለ ጨርቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚወርድ መቀስና ካውያ የሰጡትን ቅርጽ ይዞ ይቆያል፣ ቢጨማደድም አድሮ ይመለሳል። ሙቀት የሚያሳስብዎ ከሆነ ክብደቱን ከመቀነስዎ በፊት አሸማመኑን ይመልከቱ፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ነፋስም ያሳልፋል፤ እንዲህ ያለው ባለ 300 ግራም ጨርቅ ጥቅጥቅ ብሎ ከተሸመነ ባለ 250 ግራም ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

በጨርቁ ጠርዝ ላይ «ሱፐር 100»፣ «ሱፐር 120» እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር የሚናገረው ስለ በጉ ጸጉር ቅጥነት ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የሱፍ ጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ባወጣው መለኪያ መሠረት ሱፐር 100 ውፍረቱ በአማካይ ከ18.75 ማይክሮን የማይበልጥ፣ ሱፐር 120 ከ17.75፣ ሱፐር 150 ደግሞ ከ16.25 የማይበልጥ ጸጉር ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጨርቁ ይለሰልሳል፤ መጨማደዱና ከጉልበትና ከክርን ላይ ቶሎ ማለቁም ይጨምራል። አዘውትሮ ለሚለበስ ልብስ ከሱፐር 120 በላይ መሄድ የሚያስገኘው ጥቅም አይታየኝም።

ባለ ካሬ ወይም ባለ መስመር ጨርቅ ከመረጡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መስመሩ በኪሱ ክዳን፣ በደረት ኪስ፣ በእጅጌውና በጀርባው መካከለኛ ስፌት ላይ ይገጥማል ወይ? ይህ ተጨማሪ ጨርቅና ተጨማሪ ሰዓት ስለሚፈልግ ከመቆረጡ በፊት መነገር አለበት። በትንሽ ናሙና ብቻ አይወስኑ። ትልቁን ጥቅል ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው በቀን ብርሃን ፊት ለፊት መስተዋት ይዩት፤ በእጅ መዳፍ ላይ ጭምት የነበረው ካሬ በሙሉ ደረት ላይ ሌላ መልክ አለው።

ደረጃ 2፦ በጨርቁና በገበሩ መካከል ያለው

ከኮት ዝርዝሮች ሁሉ በጣም የሚለየው የማይታየው ነው። የኮቱን ፊት ቅርጽ የሚሰጠው በጨርቁና በገበሩ መካከል የሚገባው ሸራ ነው፤ ይህም ከሱፍ፣ ከጥጥና ከፈረስ ጸጉር የተሸመነ ሲሆን ከትከሻ እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ በክር ተይዞ ሊሰፋ ይችላል። ሁለተኛው አሠራር ሸራውን እስከ ደረት ብቻ የሚያወርደው ነው። ሦስተኛው ሸራውን ትቶ ፊቱን በሙጫና በሙቀት ከሌላ ጨርቅ ጋር የሚያጣብቀው ነው። ሙጫው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሙጫው ደካማ ሲሆን ልብሱ እየታጠበና እየተተኮሰ ሲሄድ እየለቀቀ ደረቱ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ሊያወጣ ይችላል፤ ያም ከወጣ በኋላ አይድንም። በክር የተያዘው ሸራ ግን ከሰውነት ሙቀት ጋር እየተላመደ የለባሹን ደረት ቅርጽ ይይዛል።

ልዩነቱን ለማወቅ ከታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ በታች ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ቀስ ብለው ይለያዩት። በመካከል ራሱን ችሎ የሚንሸራተት ሦስተኛ ድርብ ከተሰማዎ ሙሉ ሸራ ነው። በጀትዎ የተወሰነ ከሆነ ከውድ ጨርቅ ይልቅ ሸራውን ያስቀድሙ፤ መካከለኛ ጨርቅ በጥሩ ሸራ ላይ ከውድ ጨርቅ በሙጫ ላይ የተሻለ ያረጃል።

ደረጃ 3፦ ትከሻ

ሰው ኮትን ከሩቅ የሚያነበው ከትከሻው ነው። በአንድ በኩል ንጣፍ የገባበት፣ ቀጥ ያለ፣ እጅጌው ከትከሻው ጫፍ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚነሣ ትከሻ አለ፤ በለንደኑ ሳቪል ሮው ያሉ፣ የመኮንኖች ልብስ በመስፋት ያደጉ ቤቶች የሚታወቁበት ይኸው ነው። በሌላ በኩል ኔፕልስ ያሳደገችው፣ ንጣፍ የሌለው ወይም እጅግ ስስ የሆነ፣ እጅጌው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ከትከሻው ስር ተሰፍቶ ትንንሽ ሽብሽብ የሚያሳይ ትከሻ አለ። በእነዚህ መካከል ደግሞ ሳቪል ሮው ላይ ይሠራ የነበረው ፍሬደሪክ ሾልቴ ለዌልስ ልዑል፣ በኋላ ኤድዋርድ 8ኛ ለተባለው፣ ይሰፋው የነበረው ቅድ አለ፤ ትከሻው ለስላሳ ሆኖ ደረቱና የጀርባው ላይኛው ክፍል ላይ ትርፍ ጨርቅ በመተው ለመንቀሳቀስ ይመቻል።

ምርጫው ከሰውነትዎ ጋር ይታይ። ትከሻዎ ተዳፋት ከሆነ ፈጽሞ ንጣፍ የሌለው ኮት ይበልጥ ያንሸራትተዋል፤ ስስ ንጣፍ ይጠይቁ። ትከሻዎ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ተጨማሪ ንጣፍ አያስፈልግዎትም። የብዙ ሰው አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ ጥሩ ሰፊ ይህን ሳይነገረው አይቶ ዝቅ ባለው በኩል ጥቂት ንጣፍ ይጨምራል፤ ዝም ካለ እርስዎ ያንሡት። ስፋቱን ለመፈተን ኮቱን ለብሰው በጎንዎ ወደ ግድግዳ ቀስ ብለው ይጠጉ። ከክንድዎ በፊት የኮቱ ትከሻ ግድግዳውን ከነካ ሰፍቷል ማለት ነው።

ከትከሻው ጋር ተያይዞ የሚረሳው የብብት ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰው ሰፊና ዝቅ ያለ ቀዳዳ ለክንድ ነጻነት ይሰጣል ብሎ ያስባል። ሲሞከር ግን ቀዳዳው ዝቅ ባለ ቁጥር ክንድ ሲነሣ የኮቱን አካል በሙሉ ይዞ ይነሣል፣ ኮሌታውም ከአንገት ይለቃል። ብብት ስር ጠጋ ብሎ የተቆረጠ ትንሽ ቀዳዳ ክንዱ ብቻውን እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ፈጽሞ አይደራደሩ፤ ቀዳዳው አንዴ ሰፍቶ ከተቆረጠ የተቆረጠው ጨርቅ አይመለስም።

ደረጃ 4፦ የቁልፉ ቦታና የፊቱ አከፋፈት

ስለ ቁልፍ ሲነሣ ሁሉም የሚጠይቀው ሁለት ይሁን ሦስት ነው። ከቁጥሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የሚቆለፈው ቁልፍ የሚያርፍበት ከፍታ ነው፤ እርሱ ኮቱ የሚታጠፍበት ማዕከል ነውና። ወደ ጎን ዘንበል ሲሉ ሰውነትዎ የሚታጠፍበት መስመር ተፈጥሯዊው ወገብዎ ነው፤ ለብዙ ሰው ከእምብርት ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ቁልፉ እዚያ ላይ ወይም ከዚያ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲያርፍ እግር ረዝሞ ደረትም ሰፍቶ ይታያል። ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ኮቱ የጠበበ፣ ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ ለባሹ ያጠረ ይመስላል።

ለመጀመሪያ ሙሉ ልብስ ሁለት ቁልፍ በቂ ነው። ለስፖርት ጃኬት እኔ የምወደው ሦስት ቁልፍ ኖሮት የላይኛው ከላፔሉ ጋር ተጠቅልሎ የሚቀረውን ነው፤ የላይኛው ቀዳዳ በእጥፉ ላይ ስለሚታይ ላፔሉ ረጅምና ሕያው ጥቅል ይኖረዋል። የታችኛው ቁልፍ በየትኛውም ዓይነት ክፍት ይተዋል። ልማዱ ወገቡ ከሰፋው ከንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ እንደመጣ ይነገራል፤ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ ኮት የሚቆረጠው ያ ቁልፍ እንደማይቆለፍ ታስቦ ስለሆነ ቢቆለፍ ዳሌ ላይ ይወጥራል።

ፊቱ በሰፊው የሚደራረበው ባለ ሁለት ረድፍ ኮት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቁልፍ ሲኖረው፣ ከእነርሱ የላይኞቹ ሁለቱ ለጌጥ ናቸው። ይህ ኮት ተቆልፎ መዋል አለበት፤ ከውስጥ በኩል የታችኛውን ድርብ የሚይዝ ስውር ቁልፍ መኖሩንም ያረጋግጡ። አጭር ሰው ባለ ሁለት ረድፍ አይለብስም የሚባለውን አልቀበልም። ኮቱ አጠር ብሎ ከተቆረጠ፣ የሚቆለፈውም ቁልፍ ወገብ ላይ ካረፈ፣ ላፔሉ ከታች ወደ ላይ የሚስበው ሰያፍ መስመር ቁመትን ያግዛል።

ደረጃ 5፦ ላፔል

ቅርጹ ሦስት ነው። ከኮሌታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጎደሎ ያለው ለሁሉም ይሆናል። ጫፉ ወደ ትከሻ የሚሾለው ለባለ ሁለት ረድፍ ኮት ግዴታ ማለት ይቻላል፣ ለባለ አንድ ረድፍ ደግሞ ከበድ ያለ ሥነ ሥርዓት ያመጣል። ጎደሎም ሹልም የሌለው ክብ ላፔል ለማታ ግብዣ ልብስ ይቀመጥ።

ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ከመናገር በፊት ደረትዎን ይዩ፤ ጫፉ ከኮሌታው እስከ ትከሻው መጨረሻ ያለውን ርቀት ግማሽ ያህል ሲደርስ ከፋሽን ጋር አይወጣም፣ አይወርድም። ለብዙ ሰው ይህ ከ8 እስከ 9.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላፔል የተሰፋበትን ዘመን ለሁልጊዜ ይናገራል፤ ከተቆረጠ በኋላ ማጥበብ ይቻላል፣ ማስፋት ግን አይቻልም። ከከረባትዎ ስፋት ጋርም ይመጣጠን።

ኮሌታውና ላፔሉ የሚገናኙበት መስመር ከፍታም ይወሰናል። ከአንገት አጥንት ጎን ሲያርፍ ጥሩ ነው፤ ወደ ትከሻ ጫፍ ከወጣ ከኋላ ሊታይ ይደርሳል፣ ወደ ደረት ከወረደ ደግሞ ኮቱ ያዘነ ይመስላል። የላፔሉ ጠርዝ ቀጥ ያለ ወይም መካከሉ ላይ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ለስፖርት ጃኬት ጎበጥ ያለውን እመርጣለሁ። በግራው ላፔል ላይ የሚሰፋው የአበባ ቀዳዳ እውነተኛ ክፍት ይሁን፣ ከጀርባውም የአበባውን ግንድ የምትይዝ ትንሽ የክር ቀለበት ትኑረው። ቤትዎ ሲተኩሱትም ካውያውን በእጥፉ ላይ አይጫኑት፤ ጥቅሉ የሸራው ሥራ ነው፣ ከተደፈጠጠ ይሞታል።

ደረጃ 6፦ ኪስና የኋላ ስንጥቅ

ኪሱ ቀላል ምርጫ ነው። ክዳን የሌለውና በቀጭን ከንፈር ብቻ የተሰፋው ከሁሉ ይበልጥ መደበኛ ነው፣ ክዳን ያለው መካከለኛ፣ ከላይ የተለጠፈው ደግሞ ለስፖርት ጃኬት ነው። ሰያፍ ኪስ ፈረስ ላይ ለተቀመጠ ሰው እጅ እንዲመች የመጣ ሲሆን ወገብን የማጥበብ ውጤት አለው። ከቀኙ ኪስ በላይ የምትሰፋው ትንሽ የቲኬት ኪስ በአጭር ኮት ላይ ቦታውን ታጣብባለች።

ስንጥቁም የፈረስ ግልቢያ ውርስ ነው። አንድ መካከለኛ ስንጥቅ እጅ ኪስ ሲገባ ተከፍቶ የሱሪውን መቀመጫ ያሳያል፤ ሁለት የጎን ስንጥቅ ግን የኋላውን ክፍል እንደ መጋረጃ ይዞ ስለሚነሣ ለብዙ ሰው የተሻለ ነው። ቆመው ሳለ የትኛውም ስንጥቅ ከተከፈተ ዳሌው ላይ ጠቧል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ እጅጌ

ክንድ ወደ ታች ሲወርድ እጅጌው የሸሚዙን ጫፍ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያሳይ። የእጅጌው ቁልፍ ለሙሉ ልብስ በተለምዶ አራት፣ ለስፖርት ጃኬት ሦስት ወይም ሁለት ነው። በልክ የተሰፋ ኮት ምልክት ነው ተብሎ ብዙ ሰው የሚጠይቀው እነዚህ ቁልፎች በእውነት የሚከፈቱ እንዲሆኑ ነው። ይህን ሲጠይቁ ግን ቀዳዳው የሚቆረጠው ከመጨረሻው ልኬት በኋላ እንዲሆን አጥብቀው ያሳስቡ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳልናገር ቀርቼ ቀዳዳዎቹ ተቆርጠው፣ እጅጌው ሁለት ሴንቲ ሜትር ረዝሞ መጣ፤ ቀዳዳው ካለ ከታች ማሳጠር ስለማይቻል እጅጌው ከትከሻ ተፈትቶ ከላይ አጠረ፣ በደረቱና በእጅጌው ላይ ገጥሞ የነበረውም ካሬ ለሁልጊዜ ተፋለሰ። ያን ኮት እስከ ዛሬ በለበስኩት ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ገበር፣ ቁልፍና ስፌት

ከጥጥ ፍሬ ላይ ከሚቀረው አጭር ጭረት የሚሠራው ኩፕሮ የተባለው ገበር ላብ ያሳልፋል፣ እጅ ሲገባም ይንሸራተታል፤ ፖሊስተር ያሞቃል፣ ይጣበቃልም። ለሙቀት ጀርባውን ግማሽ ብቻ ማስገበር ይቻላል፤ ነገር ግን የሚታዩት የውስጥ ስፌቶች በሙሉ በንጽሕና መከደን ስላለባቸው ግማሽ ገበር በሥራ ሙሉ ገበርን ያህላል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ቅናሽ ይጠብቁበት ዘንድ አይገባም። ለቁልፍ የቀንድ ወይም የኮሮዞ፣ ማለትም በደቡብ አሜሪካ የሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ጠንካራ ዘር፣ ከፕላስቲክ ይሻላል። ቁልፉ ወደ ጨርቁ ተጣብቆ እንዳይሰፋ፣ ከስሩ በክር የተጠመጠመ አጭር አንገት ይኑረው፤ ያለዚያ ሲቆለፍ ፊቱን ይጎትታል። በንፅፅር ቀለም የሚሰፉ የቁልፍ ቀዳዳዎችንና ደማቅ የጠርዝ ስፌትን ባይጨምሩ እመርጣለሁ፤ የሰፊው ሥራ መልካም ከሆነ በቀለም መጠቆም አያሻውም።

ደረጃ 9፦ ሱሪው ከኮቱ ጋር

ስለ ሱሪ ሌላ ሰፊ ጽሑፍ ይቻላል፤ እዚህ ግን ከኮቱ ጋር የሚያገናኘውን ብቻ ላንሣ። የሱሪው ወገብ ዝቅ ካለ ከተቆለፈው ቁልፍ በታች የሸሚዝ ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ ይህ ቁልፉ በትክክለኛ ቦታ ላይ ቢሆንም የኮቱን መልክ ይሰብረዋል። ስለዚህ ከፍ ያለ ወገብ ይጠይቁ። ከቀበቶ ይልቅ በጎንና በጎን የሚጠብቅ ማስተካከያ ቢኖረው ከኮቱ ስር እብጠት አይፈጥርም። ጫፉ ወደ ላይ እንዲቀለበስ ከፈለጉ 4 ወይም 4.5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ጨርቅ ስለሚወስድ ከመቆረጡ በፊት ይናገሩ። ሱሪ ከኮት ቀድሞ ስለሚያልቅም ለሙሉ ልብስ ከዚያው ጥቅል ሁለት ሱሪ ማዘዝ ብልህነት ነው።

ደረጃ 10፦ የልኬት ቀጠሮዎች

ወደ ቀጠሮው ከኮቱ ጋር የሚለብሱትን ሸሚዝና ጫማ አድርገው ይሂዱ፣ ዘወትር ኪስዎ ውስጥ የሚይዙትንም ይያዙ። መስተዋት ፊት ደረትዎን አይንፉ፤ ኮቱ ለአቋቋምዎ እንጂ ለአንድ ደቂቃ ትዕግሥትዎ አይሰፋም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ኮቱ በሚፈታ ነጭ ክር ብቻ ተያይዞ፣ ኪስም የሌለው ሆኖ ቢቀርብ አይደንግጡ፤ ሁሉም ነገር ሊታረም የሚችለው ያኔ ነው።

ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ኮሌታው ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ተጣብቆ ከኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሸሚዝ ያሳይ፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ የጀርባው ቅድ ነው የሚታረመው። ከኮሌታው በታች አግድም የተኛ እጥፋት ጨርቅ እንደተረፈ ያሳያል። ሲቆልፉ ከቁልፉ ወደ አራት አቅጣጫ የሚሄድ የመስቀል ጭምዳድ ከታየ ወገቡ ጠቧል፤ በሁለት ጣት ያህል የማይሳብ ከሆነም እንዲሁ። እጅጌው ላይ ሰያፍ ሽክርክሪት ካለ ርዝመቱን ከመንካት በፊት እጅጌው በክንድዎ አወራረድ ልክ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ዞሮ እንዲሰፋ ይጠይቁ። ከጎን ሲታዩ የኮቱ የፊትና የኋላ ጠርዝ ከመሬት እኩል ርቀት ላይ መሆናቸውን ሌላ ሰው ይይልዎ፤ ራስዎ ለማየት ሲዞሩ ጠርዙም ይዞራል።

ከመዘጋቱ በፊት በጀርባው መካከለኛ ስፌትና በጎኖቹ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ እንዲተው ይጠይቁ፤ ሰውነት ሲለወጥ ኮቱ የሚተርፈው በዚያ ነው። የተቆረጠበትን የወረቀት ቅድ ሰፊው እንዲያስቀምጥ ይንገሩት፤ ኮቱን ለጥቂት ሳምንታት ከለበሱ በኋላም ለብሰውት ተመልሰው ይሂዱ፣ የጠበበውንና የላላውን በዚያው ወረቀት ላይ እንዲያርመው ያድርጉ፤ ሁለተኛውን ኮት የሚያዝዙት ከታረመው ቅድ ነው።